የአስታማሚው ወንፈል

(በተማሪዎች ማኅበር የምሽት ጉባኤ ላይ ከዳንግላ በመጣን ተማሪዎች ስም የተሰማ ንግግር)



ዛሬ ማታ በፊታችሁ ለመቆም የደፈርነው ሊቃውንት ነን ብለን አይደለም። ከመካከላችን የሕክምና ተማሪ እንኳ የለም። ነገር ግን አራታችንም ከዳንግላና ከአካባቢዋ የመጣን ነን፤ አራታችንም በየቤታችን የታመመ ዘመድ አስታመናል።

የጉባኤው አዘጋጆች «ስለ አገራችሁ አንድ ነገር ንገሩን» ባሉን ጊዜ፣ ስለ ሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ለመናገር ተስማምተን ነበር። ደስ የሚያሰኝ ርእስ ነው። ግን በዚያው ምሽት ማደሪያችን ውስጥ ስንጫወት፣ ከመካከላችን አንዱ አምና ትምህርቱን አቋርጦ የሄደበትን ምክንያት ለመጀመሪያ ጊዜ ነገረን። እናቱን ሊያስታምም ነበር የሄደው። እኛ በፈተና የወደቀ መስሎን፣ እንዳናሳፍረው ብለን አልጠየቅነውም። እርሱም እንዳናዝንለት ብሎ አልነገረንም። አንድ አገር፣ አንድ ማደሪያ ሆነን ሳለ እንዲህ መደባበቃችን እኛኑ አሳፈረን። ርእሳችንንም ለወጥን።

ስለዚህ ንግግራችን ስለ በሽተኛው አይደለም፤ ስለ ሐኪሙም አይደለም፤ ከአልጋው አጠገብ ስለሚቀመጠው ሦስተኛ ሰው ነው። ቋንቋችን «አስታማሚ» ይለዋል። ቃሉ «ታመመ» ከሚለው የወጣ ነው። አባቶቻችን ለበሽተኛውና ለጠባቂው አንድ ሥር የሰጡት እንዲያው በከንቱ አይመስለንም።

ዳንግላን ለማታውቁ፣ ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከባሕር ዳር ሰማንያ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የአዊ ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያለው ገበሬ ጤፍ፣ ዳጉሳና በቆሎ ያመርታል። ሰው ሲታመም መጀመሪያ ጤና ኬላ፣ ቀጥሎ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ከተማው ውስጥ ወዳለው ሆስፒታል ይወሰዳል። ነገሩ ከጠና «ሪፈር» ተጽፎለት ወደ እንጅባራ ወይም ወደ ባሕር ዳር ይላካል። በድሮ ጊዜ በሽተኛው በቃሬዛ ይሄድ ነበር፤ ጎረቤት በየተራ ይሸከመዋል፤ ቃሬዛ ሲነሣ የቀረ ሰው ይወቀሳል። ዛሬ ጋሪና ባጃጅ መጥቷል፤ ይህም መልካም ነው። ግን ልብ ብላችሁ እንደ ሆነ፣ ቃሬዛውን የሚሸከሙት ስምንት ወይም ዐሥር ሰዎች ነበሩ፤ ባጃጁ ውስጥ ከበሽተኛው ጋር የሚገባው አንድ ሰው ብቻ ነው። ያ አንድ ሰው ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሸክሙን ለብቻው ይሸከማል።

ሸክሙ ምን እንደ ሆነ በሦስት ነገር እናስረዳችሁ።

የመጀመሪያው የአንዳችን አያት ነገር ነው። አያታችን በስትሮክ ግማሽ አካላቸው ሰነፈ። ከሆስፒታል ሲወጡ መድኃኒትና የቀጠሮ ወረቀት ተሰጠን፤ እንዴት እንደምንይዛቸው ግን የነገረን አልነበረም። እናታችን ቀንና ሌሊት አጠገባቸው ሳትለይ፣ እንዳይደክሙ በማለት በአንድ ጎን አስተኝታ ትጠብቃቸው ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ዳሌያቸው ላይ ቁስል ወጣ። እናታችን ቁስሉን ከሰው ደበቀችው፤ «ምራት ስለ ሆነች ነው፤ ልጃቸው ብትሆን ይህ ባልደረሰ» እንዳይባል ፈራች። በኋላ ባሏን አራት ዓመት ያስታመመች ጎረቤት ለቡና መጥታ ሽታው ነገራት። ምንም አልወቀሰችም። ውኃ አስሞቀች፤ አንሶላውን አስለወጠች፤ ከዚያም በየሁለት ሰዓቱ ጎናቸውን ማገላበጥ፣ በጉልበታቸው መካከል ጨርቅ ማድረግ፣ ሲበሉም ቀጥ አድርጎ ማስቀመጥ እንደሚገባ አሳየቻት። ይህን ትምህርት ጎረቤታችን በየትም ትምህርት ቤት አልተማረችውም፤ ባሏ አልጋ አጠገብ በራሷ ስሕተት ነው የተማረችው። የእናታችን ፍርሃት ያንን ትምህርት ሦስት ሳምንት ሙሉ ከደጃችን አቆመው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚባለው ለአስታማሚም ጭምር ነው።

ሁለተኛው የአንዳችን ታናሽ ወንድም ነው፤ የሚጥል በሽታ አለበት። ሲወድቅ ሰው ይሸሻል፤ አረፋው የነካው ይያዛል ይባላልና። የሚቀርበውም ክብሪት ጭሮ ያሸተዋል። አባታችን ከገበያ፣ ከለቅሶ፣ ከማኅበር ቀረ፤ ልጁን ለማን ትቶ ይሂድ? በኋላ በጤና ጣቢያው በመድኃኒት ቀን ወረፋ ሲጠብቅ፣ ይህንኑ ፌኖባርቢታል ለልጇ የምትወስድ ሴት አገኘ። በሽታው በንክኪ እንደማይተላለፍ፣ ልጁ ሲወድቅ በጎኑ አስተኝቶ አፉ ውስጥ ምንም ሳይጨምሩ መጠበቅ እንደሚገባ፣ መድኃኒቱንም ተሻለው ብሎ በድንገት ማቋረጥ አደገኛ እንደ ሆነ የጤና ሠራተኛው ነግሮት ነበር፤ ያመነው ግን ከእርሷ ሲሰማ ነው። እርሷ በቤቷ አይታዋለችና። ዛሬ ሁለቱ በየወሩ ተራ ይገባሉ፤ አንዱ የሁለቱንም መድኃኒት ሲያመጣ ሌላው ሁለቱን ልጆች ይጠብቃል። አባታችን እንደገና ለቅሶ መድረስ ጀመረ። በአገራችን ለቅሶ የማይደርስ ሰው ከሰው ተራ እንደ ወጣ የሚቆጠር መሆኑን ታውቃላችሁ።

ሦስተኛው ያ ትምህርቱን ያቋረጠው ጓደኛችን ነው። ከዳንግላ ርቆ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል ከእናቱ ጋር አራት ወር ቆየ። እናቱ አገውኛ እንጂ አማርኛ አይናገሩም፤ ስለዚህ የሐኪሙን ቃል ለእናቱ የሚያስተረጉመው እርሱ ነበር። በሽታው ካንሰር መሆኑ በተነገረ ጊዜም ያንን ቃል በገዛ አንደበቱ ለእናቱ መንገር የወደቀበት እርሱ ነው። ቀን ካርድ ክፍል፣ ላቦራቶሪ፣ ውጭ ፋርማሲ ይሮጣል፤ ሌሊት ከአልጋው ሥር ጋቢውን አንጥፎ ይተኛል። ከቤት ስልክ ሲደወል፣ ላሟ ደረቀች፤ እርሻው ጦም ሊያድር ነው፤ ለመድኃኒቱ በሬው ይሸጥ ወይ ይሉታል። ነሐሴ 2015 ዓ.ም. በክልላችን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ መንገድ የሚዘጋበት ቀን በዝቶ ነበርና፣ ስንቅ የሚያመጣለት ወንድሙም እየዘገየ ይቀርበት ነበር።

አንድ ሌሊት እናቱ ሲያቃስቱ፣ «ምነው ባለቀ» የሚል ሐሳብ በልቡ አለፈ። በዚህ ሐሳብ ራሱን እንደ ነፍሰ ገዳይ ቆጠረ። ሁለት ቀን እህል አልበላም። በአጠገብ ባለው አልጋ ልጇን የምታስታምም የቡሬ ሴት ይህን አይታ ምን እንደ ሆነ ጠየቀችው፤ እርሱም ነገራት። እርሷም ዝም ብላ ከቆየች በኋላ፣ «እኔንም አልፎብኛል፤ ልጄ፣ ያደክማል እኮ፤ ብላ» አለችው። እንጀራዋንም አካፈለችው። ጓደኛችን እስከ ዛሬ ያ ቃል ነው ከእብደት ያዳነኝ ይላል። ከዚያ ቀን በኋላ የዚያ ክፍል አስታማሚዎች ተነጋግረው ተራ ገቡ፤ አንዱ ለሁለት በሽተኛ ነቅቶ ሲያድር ሌላው ይተኛል፤ አንዷ ለሁሉ ሽሮ ትሠራለች፤ ወደ ፋርማሲ የሚሄደው የሁሉንም ወረቀት ይዞ ይሄዳል። እናቱ በሰኔ ዐረፉ። ልጃቸው በመጨረሻይቱ ሌሊት ነቅቶ እጃቸውን ይዞ ነበር፤ ይህም የሆነው በዋዜማው ሌላ ሰው ስለ ጠበቀለት ነው።

ጓደኞቻችን ሆይ! እንግዲህ «አገራችን ለእንዲህ ያለው ነገር ማኅበር አጥታ ነውን?» ብላችሁ ትጠይቁን ይሆናል። አላጣችም። እድር አለን። እድራችን ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ድስቱን ይዞ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይደርሳል፤ የሚደርሰው ግን ሰው ከሞተ በኋላ ነው። አራት ዓመት አልጋ የጠበቀች ሴት ባሏ በሞተ ማግስት ቤቷ በሰው ይሞላል። በአራቱ ዓመት ውስጥ ግን አንድ ሌሊት የሚያሳርፋት አላገኘችም። የጤና መድኅንም አለን። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር፣ በእኛ ክልል ከተመረጡት ሦስት ወረዳዎች አንዱ ጎረቤታችን ደቡብ አቸፈር ነበር፤ ሌሎቹ ፎገራና ተሁለደሬ ናቸው። መድኅኑ የሕክምናውን ዋጋ ይከፍላል፤ የአስታማሚውን ጉዞ፣ ምግቡንና ያልታረሰ እርሻውን ግን አይከፍልም። በየቀበሌው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን እኅቶቻችንም ብዙ ሠርተዋል፤ ነገር ግን ሁለት ሴቶች የቀበሌውን ሕዝብ ሁሉ አልጋ ሊጠብቁ አይችሉም።

እድር ሊለወጥ አይችልም የሚል ቢኖር፣ የኤችአይቪን ዘመን ያስታውስ። በ1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነፃ መታደል ከመጀመሩ በፊት ሕሙማኑ በየቤታቸው ሲያልቁ፣ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች አንዳንድ እድሮች ሰው ሳይሞት መርዳት ይሻላል ብለው ለሕሙማንና ለአስታማሚዎቻቸው መድረስ ጀምረው ነበር። እንደዚሁም አቶ ወንዱ በቀለና ባለቤታቸው ሕፃን ልጃቸውን ማቲዎስን በደም ካንሰር ካጡ በኋላ፣ በ1996 ዓ.ም. በልጃቸው ስም የማቲዎስ ወንዱ የካንሰር ሶሳይቲን አቋቋሙ። በካንሰር የታመሙ ልጆች ወላጆች የመሠረቱት «ተስፋ አዲስ» የተባለው ድርጅትም ከክፍለ አገር ልጃቸውን ይዘው ወደ አዲስ አበባ ለሚመጡ ቤተሰቦች ማረፊያ ይሰጣል። እነዚህን ሁሉ ያቋቋሙት ሐኪሞች አይደሉም፤ አስታማሚዎች ናቸው።

ነገሩ የድሃ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ከእንግሊዝ አገር አንድ ምሳሌ እንጨምር። ሜሪ ዌብስተር የምትባል ያላገባች ሴት በፈረንጆች 1954 ወላጆቿን ለማስታመም ሥራዋን ተወች። በ1963 ስለዚሁ ኑሮ ለጋዜጣ ደብዳቤ ጻፈች። እንደ እርሷ በየቤታቸው ተዘግተው የነበሩ ሴቶች «እኔም እንዲሁ ነኝ» እያሉ ጻፉላት፤ በ1965 ማኅበር ተቋቋመ። ሁሉም የተነሣው አንዲት ሴት ስለ ተናገረች ነው።

አንዳንድ ወዳጆቻችን ሐሳባችንን ሰምተው በሁለት ነገር ተቃውመውናል። አንደኛ፣ የቤትን ገመና አደባባይ ማውጣት ነውር ነው ይላሉ። እኛም የበሽተኛው ምሥጢር ይጠበቅ እንላለን፤ ነገር ግን «ደከመኝ» ማለት ምሥጢር ማውጣት አይደለም። ሁለተኛ፣ ይህ የመንግሥትና የሆስፒታል ሥራ ነው፤ እናንተ ስትሸፍኑት እነርሱ ይተኛሉ ይላሉ። ይህኛው ከባድ ነው፤ እውነትም አለበት። ነርስ የምትሠራውን ጎረቤት ሊሠራው አይገባም፤ ሆስፒታሎቻችንም በሽተኛ ሲያስወጡ አስታማሚውን ማስተማር ይገባቸዋል። ግን በየቤቱ ተለያይቶ የሚያለቅስ አስታማሚ ይህን የሚጠይቅበት አንደበት ከየት ያገኛል? መጠየቅም የሚቻለው መጀመሪያ ከተገናኙ በኋላ ነው።

እንግዲህ የእኛ ሐሳብ አዲስ አይደለም። ጎጃም ውስጥ አንድ ገበሬ አዝመራው ሲደርስበት ወንፈል ይጠራል፤ ዛሬ የእኔን፣ ነገ የአንተን ይባባላሉ፤ ገንዘብ አይከፋፈሉም፤ ተራ ነው የሚከፋፈሉት። ለአጨዳ የሆነ ወንፈል ለአስታማሚ የማይሆንበት ምክንያት ምንድን ነው? ሳምንት አንድ ሌሊት የሚጠብቅ፣ አንድ ቀን ላም የሚያልብ፣ በገበያ ቀን መድኃኒት የሚያመጣ፣ ቡና ተፈልቶ «እንዴት አደርሽ» ተብላ እውነቱን የምትመልስበት አንድ ሰዓት፤ ይህ ሁሉ ከተራ በቀር ምንም አይጠይቅም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት ይህንኑ ነው።

እኛ አራታችን በመጪው ክረምት መንገዱ ቢፈቅድልን ወደ ዳንግላ ስንመለስ በየእድራችን ይህን ሐሳብ ለማቅረብ ተስማምተናል። እድሩ እሺ ባይለን እንኳ በየሰፈራችን ከሁለት ከሁለት ቤት እንጀምራለን።

ለዚህ ማኅበር ግን ሦስት ነገር እንለምናለን። አንደኛ፣ ቤተሰቡን ለማስታመም ትምህርት ያቋረጠ ተማሪ ሲኖር፣ የክፍል ጓደኞቹ የትምህርቱን ማስታወሻ በየተራ ይገልብጡለት። ሁለተኛ፣ ከክፍለ አገር የመጣ የተማሪ ወላጅ በዚህ ከተማ ሆስፒታል ሲተኛ፣ ማኅበሩ ልጁን አንድ ሌሊት እንኳ የሚያሳርፉ ፈቃደኞችን ስም ይመዝግብ። የመጀመሪያዎቹን አራት ስሞች አሁኑኑ ሰጥተናል። ሦስተኛውን ደግሞ መምህራኖቻችንን እንለምናለን፤ ተማሪ «ቤት በሽተኛ አለ» ብሎ ፈቃድ ሲጠይቃችሁ፣ ማስረጃ ከመጠየቃችሁ በፊት «ማንን ታስታምማለህ? አንተንስ ማን ይረዳሃል?» ብላችሁ ጠይቁት።

ጓደኛችን ዛሬ ከመካከላችን ተቀምጧል። ስሙ እንዳይጠራ ስለ ለመነን አልጠራነውም፤ ታሪኩ እንዲነገር ግን ራሱ ፈቅዷል። አምና ማናችንም አልጠየቅነውም ነበር። ከእንግዲህ ከዚህ አዳራሽ ማንም ሻንጣውን ይዞ በዝምታ ሲወጣ ብታዩ፣ በር ላይ አቁማችሁ ጠይቁት።