ስለ እናት ትእዛዝ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ዛሬ የምንነጋገርበት ነገር አንዲት የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ከቅዳሴ በኋላ የጠየቀችን ጥያቄ ነው። «አባ፥ ልጅ እያደገ ሲሄድ እናት ትእዛዝ የምታበዛው ስለ ምንድን ነው? በሕፃንነቴ እናቴ ነበረች፤ አሁን ግን አለቃዬ ሆናለች» አለችን።

ልጂቱና እናቷ የሚኖሩት በመርካቶ፣ በጎጃም በረንዳ ነው። ይህን የምንናገረው በእናቲቱ ፈቃድ ነው፤ «ይነገር፤ ለሌላም እናት ይጠቅም ይሆናል፤ ስሜ ግን ይቅር» ብላናለች። ስለዚህ ስሟ ቀርቶ የምትሸጠውን ዕቃ እንኳ አንጠራም፤ በዚያ ሰፈር ሰው ከስሙ ይልቅ በሚሸጠው ይታወቃልና።

ጎጃም በረንዳን የማያውቅ ቢኖር፣ በኢጣልያ ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ገበያው ከአራዳ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ በተዛወረ ጊዜ ከተቆረቆረው ከመርካቶ አንዱ ክፍል ነው። መርካቶ የሚለውም በረንዳ የሚለውም ቃል ከጣልያን ቋንቋ የቀረ ነው፤ ጎጃም ግን የእኛው ነው። እኛም በዚያ አገር የተወለድን ስለ ሆንን፣ ወደ ሰፈሩ ስንደርስ የሰዉ ንግግር ገና ከሩቅ ይቀበለናል። አውቶቡስ ተራ ቅርብ ነው። ተሸካሚው ከነሸክሙ እየጮኸ ያልፋል፤ ጋሪውና የጭነት መኪናው ይጋፋል፤ የመጠጥ ቤቱና የአልጋ ቤቱ በር አይዘጋም፤ በዚያው ዕለት ከገጠር የመጣ ልጅ ኮሮጆውን ታቅፎ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል። ልጂቱ ከትምህርት ቤት ወጥታ ወደ እናቷ የምትመጣው ይህን ሁሉ አቋርጣ ነው።

የእናቲቱ ትእዛዝም እንዲህ ነው፤ «እንደ ወጣሽ ደውዪ። በዚያኛው መንገድ እንዳትመጪ። ማን ነው ያ ያናገረሽ? ነጠላሽን በደንብ ልበሺ። ስልክሽን አሳዪኝ።» ልጂቱ ቆጥራ እንደ ነገረችን፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ ዐሥራ አንድ ጊዜ ተደውሎላታል፤ ጓደኞቿም ስልኳ በጮኸ ቁጥር «አለቃሽ መጣች» እያሉ ይሥቁባት ጀመር። እርግጥ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በሸማ ተራ የተነሣውን እሳት የምታስታውስ የመርካቶ እናት፣ ልጇ ስልክ ሳታነሣ ስትቀር ልቧ ቢሸበር አያስደንቅም። ዐሥራ አንድ ጊዜ ግን ብዙ ነው።

ለልጂቱ በመጀመሪያ የሰጠናት መልስ ተገቢ አልነበረም። እናትና አባትን ማክበር የእግዚአብሔር ትእዛዝ መሆኑን ነገርናት፤ ጌታችን በዐሥራ ሁለት ዓመቱ በቤተ መቅደስ ከመምህራን ጋር ከተገኘ በኋላ ወደ ናዝሬት ወርዶ ለእናቱና ለዮሴፍ ይታዘዝ እንደ ነበር አስረዳናት። የተናገርነው ሁሉ እውነት ነው። ልጂቱም አንገቷን ደፍታ ሰማችንና «እሺ አባ» ብላ ሄደች፤ ከዚያም በኋላ ሦስት እሑድ አላየናትም። ለካ ትእዛዝ በዛብኝ ብላ የመጣችውን ልጅ አንድ ትእዛዝ ጨምረን መልሰናት ኖሯል።

ይህ ነገር ሲከነክነን ያንኑ የሉቃስን ወንጌል ምዕራፍ ደግመን አነበብን። ከሕፃንነታችን ጀምሮ ስናነበው ዓይናችን የሚያርፈው በልጁ መታዘዝ ላይ ብቻ ነበር፤ እመቤታችን የተናገረችውን ግን ቸኩለን አልፈነዋል። እርስዋ ልጇን ባገኘችው ጊዜ «ለምን እንዲህ አደረግህብን?» ብላ ብቻ አልቀረችም፤ ወዲያው አስከትላ ከዮሴፍ ጋር እያዘነች እንደ ፈለገችው ነገረችው። ተግሣጹንና ኀዘኗን አልለየቻቸውም። በእኛ አገር ያለች እናት ግን ብዙ ጊዜ ተግሣጹን ትናገራለች፤ ኀዘኑን ውጣ ታስቀረዋለች።

የእኛም እናት እንዲሁ ነበረች። ደበሎ ለብሰን ወደ ዋሸራ ቅኔ ቤት ልንሄድ ስንነሣ፣ በጓደኞቻችን ፊት «ውኃ ስትሻገር በትርህን አስቀድም» ትለን ነበር፤ አንድ ጊዜ ሳይሆን እስከ በሩ፣ ከበሩም እስከ አጥሩ ድረስ። በኀፍረት እንቀልጥ ነበር። ታናሽ ወንድሟን ወንዝ እንደ ወሰደው የሰማነው እርስዋ ካረፈች በኋላ ከአጎታችን አፍ ነው። ያን ቃል አስቀድማ ነግራን ቢሆን ኖሮ ያን ያህል ባላፈርን።

ሕፃን ሳለ ልጅ በእናቱ ክንድ ልክ ውስጥ ይኖራል። ወደ እሳት ቢዳዳ እጇ ይመልሰዋል፤ ቢላዋ ቢያነሣ እጇ ይቀበለዋል፤ ብዙ ቃል አያስፈልጋትም። ልጁ ሲያድግ ከክንዷ ልክ ይወጣል። ያን ጊዜ እጅ ይሠራው የነበረውን ሥራ ድምፅ ይረከበዋል፤ እጇ የማይደርስበት ድምፅዋ ይላካል፤ በዘመናችንም ስልኳ ይላካል። እናት ዱሮም ታዝ ነበር፤ ነገር ግን እጅ ሲያዝ ልጁ ፍቅር ይለዋል፤ ድምፅ ሲያዝ ግን አለቅነት ይመስለዋል።

እናቲቱን በሱቋ ደጃፍ ባገኘናት ጊዜ ልጇ የጠየቀችንን ነገርናት። ዝም ብላ ቆየችና እንዲህ አለች፤ «አባ፥ እኔ ወደዚህ ከተማ የመጣሁት በዐሥራ አምስት ዓመቴ ነው። ከአውቶቡስ ስወርድ ያገሬን ንግግር የሚናገር ሰው ሥራ አገኝልሻለሁ ብሎ ጓዜን ተቀበለኝ። ባስገባኝ ቤት ሁለት ዓመት በር እየተቆለፈብኝ ያለ ደመወዝ ሠራሁ። የቀረውን በንስሐ ነግሬዎታለሁ። ልጄ ዐሥራ አምስት ዓመት ስለ ሞላት እንቅልፍ አጣሁ።»

«ይህን ለልጅሽ ነግረሻታል?» አልናት።

«ልጄ ፊት እንዴት እዋረዳለሁ!» አለች።

ምእመናን ሆይ፤ በጎጃም በረንዳና በሌላው ሰፈር እንዲህ ያለ ነገር በልቧ ቋጥራ የምትኖር እናት አንዲት ብቻ አይደለችም። ልጇ ለምን እንደምትፈራ አያውቅም፤ የሚያውቀው የምትጮኽ መሆኗን ነው። ለዚህች እናት ያነሣንላት የቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅን እናት ነው። ገና በወጣትነቷ ባሏ ሞቶባት ልጇን ያሳደገች ሴት ናት። ዮሐንስ ትቷት ወደ ምናኔ ሊሄድ ባሰበ ጊዜ፣ ራሱ ስለ ክህነት በጻፈው መጽሐፍ እንደሚተርከው፣ እጁን ይዛ ወደ ክፍሏ አስገባችው፤ በወለደችበት አልጋ አጠገብ ተቀምጣም የመበለትነቷን መከራ አንድ በአንድ እያለቀሰች ነገረችው። እንዲህ በመናገሯ አልተዋረደችም፤ ልጇም ከመጽሐፉ ውስጥ አስገብቶ ለትውልድ አቆየላት።

እናቲቱ በዚያ ሳምንት፣ አንድ ማታ፣ መብራት በጠፋበት ሰዓት ለልጇ ተናገረች። ምን ያህሉን እንደ ነገረቻት አልጠየቅንም።

ይሁን እንጂ ነገሩ በዚህ አላበቃም፤ ለእናቶችም የምንለው አለን። ቅዱስ ጳውሎስ ልጆችን ታዘዙ ካለ በኋላ ወላጆችን ዝም አላላቸውም፤ ልጆቻቸውን እንዳያስቈጡ አዝዟቸዋል። የነቢዩን የሳሙኤልን እናት ሐናን ተመልከቱ። ሕፃኑን በሴሎ በካህኑ በዔሊ ዘንድ ትታው ሄደች፤ በዚያም ቤት የነበሩት የዔሊ ልጆች ክፉዎች ነበሩና ስጋት አልነበራትም አይባልም። እርስዋ ግን በየዓመቱ መደረቢያ ሠርታ ትወስድለት ነበር። ለአራት ዓመት ልጅ የተሠራ መደረቢያ ለሰባት ዓመቱ አይበቃምና፣ ሐና በሠራች ቁጥር ልጄ ዘንድሮ ምን ያህል ሆኗል ብላ ማሰብ ነበረባት። እኛ ግን የአምስት ዓመት ልጅ ትእዛዝ ለዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ እናለብሳለን፤ ጠበበኝ ሲልም ባለጌ እንለዋለን። ጠባብ ልብስ የለበሰ ልጅ አንድ ቀን ይቀደዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚለብሰውንም ከእናቱ ሳይሆን ከመንገድ ይፈልጋል።

እናትና ልጅ በፊታችን ተቀምጠው ተነጋገሩ። አድካሚ ንግግር ነበር፤ ሁለቱም ጎጃሜዎች ናቸውና በቀላሉ አይረቱም። በዚያኛው መንገድ አለመሄድ እንደ ጸና ቀረ፤ ልጂቱም ምክንያቱን ካወቀች ወዲህ አልተከራከረችም። የስልኩ ምርመራ ተተወ። አሁን በቀን የሚደወለው ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዱን የምትደውለው ልጂቱ ናት። ስለ ፀጉር አሠራር ግን እስከ ዛሬ አልተስማሙም፤ በዚህም ነገር እንድንፈርድ ሁለቱም ቢለምኑን እንቢ ብለናል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።