ስለ ቀለምና ስለ ዛፍ ስሞች
በጅቡቲ ከተማ፥ በአርሂባ ሰፈር ለመምህራን የተደረገ ንግግር



ዛሬ ልናገርበት የመረጥሁት ነገር በእንግሊዝኛ ትምህርት የቀለምና የዛፍ ስሞች ያላቸው ልዩ ልዩ ፍች ነው። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም ብዙ ተማሪ በፈተና የሚሰናከለው፥ በገዛ ዕውቀቱም የሚያፍረው በዚህ ስፍራ ነው። የቃል ዝርዝር በጥቁር ሰሌዳ ላይ እንጽፋለን፤ በያንዳንዱም ትይዩ አንድ የአማርኛ ቃል እናኖራለን፤ ልጁም ያንን ብቻ ይዞ ይወጣል።

ይህ አኳኋን ለራሳችን ቋንቋ እንኳ አይበቃም። «ቀለም» ስንል ማቅለሚያውም፥ የመጻፊያውም፥ ፊደሉም፥ ትምህርቱም ነው፤ ቀለም የቆጠረ ሰው ማለት ግድግዳ የቀባ ማለት አይደለም።

«ግሪን» አረንጓዴ ነው ተብሎ የተማረ ልጅ፥ ለሥራ አዲስ የሆነ ሰው በዚህ ቃል ተጠርቶ ቢያገኝ «አረንጓዴ ሰው» ብሎ ይተረጉማል። እኛ ለቅጠሉም ለሰውም «ለጋ» እንላለንና መንገዱ ቅርብ ነበረ። በአርሂባ ግን አንዱ ልጅ በቤቱ አማርኛ፥ ሌላው አፋርኛ ይናገራል፤ በከተማውም ፈረንሳይኛ ይሰማሉ። ፈረንሳዮች አዲሱን ምልምል «ሰማያዊ» ይሉታል፤ እንግሊዞች ደግሞ «ሰማያዊ» የሚሉት ያዘነውን ነው።

ወንዛችንንም እንመልከት። እንግሊዝኛው «ብሉ ናይል» የሚለውን አማርኛው ጥቁር ዓባይ ይለዋል። በሱዳን ዐረብኛም «አዝረቅ» የሚለው ቃል ሰማያዊውንም ጥቁሩንም ያመለክታል። እንግዲህ «ሰማያዊ ዓባይ» ብሎ የጻፈ ተማሪ ያደረገው ያስተማርነውን ነው።

ወደ ዛፎች ስንመጣ፥ «ፓልም» ዘንባባም የእጅ መዳፍም ነው። ሮማውያን ቅጠሉ የተዘረጋ እጅ ስለ መሰላቸው ዛፉን በመዳፍ ስም ጠሩት፤ የባንኩዋሌን ዘንባባ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። «አሽ» ግን አመድም የአንድ ዛፍ ስምም ሲሆን፥ እነዚህ በጥንታዊው እንግሊዝኛ ሁለት ልዩ ልዩ ቃላት ነበሩ፤ በኋላ ድምፃቸው ተገጣጠመ እንጂ ዝምድና የላቸውም። መምህሩ የመጀመሪያውን በምክንያት ያስረዳ፤ ሁለተኛውን ግን ልጁ እንዲሁ በቃሉ ይያዘው፤ የሌለ ምክንያት ፈጥሮ መንገር አይገባም።

ከሁሉ የሚያስቸግረው «ሲዳር» ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ የሊባኖስ ዝግባ ይባላል፤ በኢትዮጵያ ዝግባ የምንለው ግን ሌላ ዛፍ ነው። እንግሊዞች ደግሞ «የአፍሪካ የእርሳስ ሲዳር» የሚሉት የኛን ጥድ ነው፤ እርሱም ከሊባኖሱ ወገን አይደለም። ይኸው ጥድ ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ በስተ ሰሜን፥ በጎዳ ተራሮች በዳይ ደን ይገኛል፤ ያሳዝናል፥ ብዙው ደርቋል። የዚያ አገር ዘመድ ያለው የአፋር ልጅ ዛፉን በአፋርኛ ስሙ ሊያውቀው ይችላልና፥ መምህሩ አስቀድሞ ያንን ስም ከልጁ ይጠይቅ፤ ከዚያ በኋላ አማርኛውንና እንግሊዝኛውን ከሥዕሉ ጋር ያሳይ። በፈተናም ዝግባ ብሎ የጻፈውን ወይም ጥድ ብሎ የጻፈውን ወዲያው በቀይ ቀለም ከመሰረዝ በፊት የትኛውን ዛፍ እንዳሰበ እንጠይቀው።