ጨረታውን ያለፈ ቡና

እሷ፦ በደርግ ጊዜ «ማኅበር» ሲባል ገበሬው ፊቱን ያዞር ነበር። ታዲያ በ1991 ዓ.ም. የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ሲቋቋም ማን አመነው?

እሱ፦ 34 ማኅበራት አመኑ! ብዙም ሳይቆይ ደግሞ የቡና ዋጋ አሽቆለቆለ፤ ሐረርጌ ውስጥ ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለው ስንቱ ነው።

እሷ፦ ለእኔ ትልቁ ነገር ዩኒየኑ ያገኘው ፈቃድ ነው። ሰብሳቢውን፣ አቅራቢውን፣ ጨረታውን ሁሉ አልፎ በቀጥታ ለውጭ ገዢ መሸጥ...

እሱ፦ ለዚያም ነው የዩኒየኑ ሥራ አስኪያጅ የነበሩት አቶ ታደሰ መስቀላ ገዢ ፍለጋ አገር ለአገር የዞሩት። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው «ብላክ ጎልድ» ፊልም ያሳየናል።

እሷ፦ ፊልሙስ ይቆየን። ከትርፉ 70 በመቶው ለማኅበራቱ ይመለሳል የሚባለውን ንገረኝ።

እሱ፦ አዎ፣ የዩኒየኑ አሠራር ነው። ከፍትሐዊ ንግድ (ፌርትሬድ) በሚገኘው የዋጋ ጭማሪም ትምህርት ቤትና ጤና ኬላ ተሠርቶበታል።