የአገዳ አመድ በሲሚንቶ ውስጥ፦ ሲሊካ ሁሉ አንድ አይደለም



የዛሬው ንግግሬ የስኳር ፋብሪካዎቻችንን አመድ ይመለከታል። ከወንጂ እስከ ፊንጫ፣ አገዳው ተጨምቆ የሚቀረው ባጋስ ለእንፋሎት ማሞቂያዎች ማገዶ ይሆናል። አገዳ የሟሟ ሲሊካን ከአፈር ስቦ በአካሉ የሚያከማች ተክል በመሆኑ፣ ከባጋሱ የሚተርፈው አመድ አብዛኛው ሲሊካ ነው። ታዲያ ይህ አመድ የሲሚንቶን ከፊል ሊተካ ይችላልን? መልሱ የሚገኘው ከሲሊካው መጠን ይልቅ ከሲሊካው ዓይነት ነው።

በቅድሚያ ለመተካት የምንሻበትን ምክንያት እንመልከት። ክሊንከር የሚሠራው የኖራ ድንጋይንና ሸክላ አፈርን እስከ 1450 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በማቃጠል ነው። 100 ኪሎ ግራም ንጹሕ ካልሲየም ካርቦኔት ሲቃጠል 56 ኪሎ ግራም ካልሲየም ኦክሳይድ ይሰጣል፤ 44 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አየር ይለቃል። ይህ ከድንጋዩ የሚወጣ በመሆኑ ነዳጅ በመቆጠብ አይቀርም፤ አንዱ መፍትሔ ክሊንከሩን መቀነስ ነው።

ሲሚንቶ ውሃ ሲያገኝ ዋናው ማዕድኑ ትራይካልሲየም ሲሊኬት ሁለት ውጤቶችን ያስገኛል። አንደኛው ኮንክሪትን አያይዞ የሚያጠነክረው ካልሲየም ሲሊኬት ሃይድሬት ነው። ሁለተኛው ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ሲሆን፣ ለጥንካሬ የሚያበረክተው ጥቂት ነው፤ በአሲድም በቀላሉ ይጠቃል። ንቁ ሲሊካ ግን ከዚህ ከሁለተኛው ውጤትና ከውሃ ጋር ተዋሕዶ ተጨማሪ ካልሲየም ሲሊኬት ሃይድሬት ይፈጥራል፤ የኮንክሪቱም ረቂቅ ቀዳዳዎች ይጠባሉ።

«ንቁ» ያልሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የወንዝ አሸዋም በአብዛኛው ሲሊካ ነው፤ ነገር ግን በኮንክሪት ውስጥ አሸዋ ሆኖ ይኖራል። አተሞቹ በሥርዓት የተደረደሩበት ኳርትዝ በቀላሉ አይሟሟም። የሚሟሟው እንደ ብርጭቆ ሥርዓተ ድርድር የሌለውና በደንብ የደቀቀው ሲሊካ ነው።

የአገዳ አመድ በሦስት መንገድ ሊበላሽ ይችላል። ማሞቂያው ከመጠን በላይ ከጋለ ሲሊካው ወደ ክሪስቶባላይት ይለወጣል። ቃጠሎው ካልተሟላ የሚቀረው ካርቦን የድብልቁን ውሃ ይጠጣል። ከአገዳው ጋር የመጣ አፈር ደግሞ ኳርትዝ ይጨምራል። ኤኤስቲኤም ሲ618 የተባለው መለኪያ ለተፈጥሮ ፖዞላን የሲሊካ፣ የአሉሚናና የብረት ኦክሳይድ ድምር ቢያንስ 70 በመቶ እንዲሆን ይጠይቃል። በአፈር የተበከለ አመድ ይህን ቁጥር ሊያሟላ ይችላል፤ ንቁ መሆኑን ግን ቁጥሩ ብቻውን አያረጋግጥም። ስለዚህ የኤክስሬይ ዲፍራክሽን ምርመራ፣ ሲቃጠል የሚጠፋው ክብደት ልኬትና የሞርታር ጥንካሬ ሙከራ አብረው መካሄድ አለባቸው።

የጊዜም ጉዳይ አለ። የፖዞላን ውሕደት ዝግተኛ ነው፤ በ7ኛው ቀን ያነሰው ጥንካሬ በ28ኛው ቀንና ከዚያ በኋላ ሊካካስ ይችላል። ይህ የሚሆነው ኮንክሪቱ እርጥበት ካላጣ ብቻ ነው። በበጋ ፀሐይ በሦስተኛው ቀን ውሃ ማጠጣት የሚያቆም ተቋራጭ ውሕደቱንም ያቆመዋል። በፑሚስ የሚመረተው የአገራችን ፖዞላና ሲሚንቶም ይህንኑ ጥንቃቄ ይሻል።

ለመመረቂያ ጥናታችሁ አመድ ስትሰበስቡ፣ ከአንድ ክምር በተዘገነ ናሙና አትወሰኑ። ከየትኛው ማሞቂያ፣ በየትኛው ወቅት እንደወጣ መዝግቡ። በዚህ አመድ በተሠራ ምሰሶ ሥር ሰው ይኖራልና።