መድረክ ላይ የወጣ ትምህርት

እሷ፦ አድማጮቻችን፣ ዛሬ ከፒያሳ ብዙም ሳንርቅ፣ እዚሁ አራዳ ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት እንገባለን። ቀኝጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ያስተማሩበት ቤት ነው።

እሱ፦ የደብረ ኤልያሱ ባለቅኔ!

እሷ፦ አዎ። ከጎጃም ቅኔ ቤት መጥተው፣ መዝሙርና ቴአትር እየደረሱ ተማሪውን መድረክ ላይ አወጡት።

እሱ፦ ለዚያ ዘመን ድፍረት ነው። ያኔ ትምህርት ፊደል መቁጠር፣ ዳዊት መድገም አልነበር?

እሷ፦ ነበር። ግን ቅኔ ቤትም ቢሆን ተማሪው የራሱን ካልተቀኘ ተማረ አይባልም።

እሱ፦ እንግዲያ ዘዴው ከውጭ የመጣ አይደለማ! እርሾው የቤት ነው።

እሷ፦ በትክክል። ቅኔያቸው ደግሞ ከክፍልም አልፎ ወጥቷል፤ በ1923 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል የተሰማውን ብሔራዊ መዝሙርም ግጥሙን እሳቸው፣ ዜማውን አርመናዊው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነው የደረሱት።

እሱ፦ እኔ ግን ጥያቄ አለኝ። ዛሬ በተጨናነቀ ክፍል ቴአትር ይቻላል? ፈተናውስ?

እሷ፦ በየቀኑ አላልኩም። በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃል። አንብብ ሲሉት የሚለግም ልጅ፣ ተመልካች እንደሚጠብቀው ካወቀ ማንም ሳይጎተጉተው ያጠናል።

እሱ፦ ዓይን አፋሩስ?

እሷ፦ እሱ ይጻፍ፣ መጋረጃ ይሳብ፣ ከበሮ ይምታ። ሥራ ፈት ልጅ አይኑር።

እሱ፦ በዚህስ ተስማማን። ርዕሳነ መምህራን፣ ያቺን አንድ ክፍለ ጊዜ ለመምህሮቻችሁ ፍቀዱላቸው። ወላጆችም፣ ልጃችሁ መድረክ ሲወጣ ሄዳችሁ ተመልከቱለት።