የአንዲት የቲም ልብና የሁላችን አማና

(በማኅበራችን የየቲሞች ድጋፍ ጉባኤ ላይ ለለጋሾችና ለአሳዳጊ ቤተሰቦች የቀረበ ንግግር)

በአላህ ስም እጅግ በጣም ሩኅሩኅ፣ በጣም አዛኝ በሆነው። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን፤ ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይሁን።



ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው እንደ ወትሮው የዓመቱን የሥራ ክንውን ለማሰማት ብቻ አይደለም። አንዲት እናት ወደ ቢሯችን ይዛው የመጣችውን ጥያቄ፣ እኛም እሺ ልንላት ያልቻልንበትን ምክንያት፣ በእሺታው ፋንታ ደግሞ ከእናንተ የምንሻውን ልንነግራችሁ ነው።

ይህች እህታችን ከአምስት ዓመት በፊት ባለቤቷን በሞት ያጣች፣ እንጀራ ጋግራ በመሸጥ ሦስት ልጆች የምታሳድግ ናት። ሦስቱም ልጆች በማኅበራችን መዝገብ የሰፈሩ የቲሞች ሲሆኑ ለእያንዳንዳቸው ወርሃዊ ድጋፍ የሚሰጥ ለጋሽ አላቸው። የበኩር ልጇ የ13 ዓመት ሴት ናት፤ ሁለቱ ታናናሾቿ ወንዶች ናቸው። ልጅቱ ከሁለት ዓመት ወዲህ ጥቂት እንደ ተራመደች ትንፋሽ ያጥራት ጀመር። ሌሊት ተጋድማ መተኛት ስለማይሆንላት ትራስ ደራርባ ቁጭ እንዳለች ታድራለች። ሐኪሞች ልቧን በአልትራሳውንድ መርምረው ሁለት የልቧ በሮች፣ ቫልቭ የሚባሉት ማለት ነው፣ ክፉኛ እንደተጎዱና ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልጋት አረጋገጡ።

ሕመሙ በአገራችን እንግዳ አይደለም። ሩማቲክ የልብ ሕመም ይባላል። መነሻው በሕፃናት ላይ ዘወትር የምናየው የጉሮሮ ሕመም ነው። በባክቴሪያ የመጣ የጉሮሮ ሕመም በወቅቱ ሳይታከም ሲቀር በአንዳንድ ልጆች ላይ ትኩሳትና ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው የሚዞር ቁርጥማት ያስከትላል፤ ቁርጥማቱ ሲያልፍም በልብ በሮች ላይ ጠባሳ ትቶ ይሄዳል። ይበልጡን የሚያጠቃው ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉትን ልጆች ነው። የተጣበበና የጎበጠ ቤት ውስጥ ተጨናንቀው በሚኖሩ፣ ወደ ጤና ጣቢያም ፈጥነው በማይሄዱ ቤተሰቦች ዘንድ ስለሚበዛ፣ የድሃ ልጆች ሕመም ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

በአገር ውስጥ ያለውን በር አላንኳኳንም አልልም፤ አንኳኩተናል። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የሚገኘው የኢትዮጵያ የልብ ሕክምና ማዕከል በ2001 ዓ.ል ሥራ ከጀመረ ወዲህ ስንት ወላጅ እንባውን እንዲያብስ ምክንያት ሆኗል፤ ይህን በጎ ሥራ ያስጀመሩትን ዶክተር በላይ አበጋዝን አገር ሁሉ ያመሰግናል። ይሁን እንጂ የሚጠባበቁት ሕፃናት ብዛት ከማዕከሉ አቅም በላይ ነው። ልጃችንም ከተራ ጠባቂዎቹ አንዷ ናት፤ ሐኪሟ ግን ብዙ መቆየት አይገባትም ብሏል። በ1999 ዓ.ል በካርቱም አቅራቢያ በሶባ የተከፈተው፣ ከአፍሪካ አገሮች የሚመጡ የልብ ሕሙማንን በነጻ ሲያክም የኖረው ማዕከል ቀድሞ ለወገኖቻችን ቅርብ ተስፋ ነበር፤ በሚያዝያ 2015 ዓ.ል በሱዳን ጦርነት ከተቀሰቀሰ በኋላ ግን ወደዚያ የታመመ ልጅ ይዞ መጓዝ አስጊ ሆነ። ስለዚህ ሕንድ አገር ከሚገኝ ሆስፒታል የዋጋ ግምት ተጠየቀ፤ መልሱም መጣ።

ወጪውን ሳንሸሽግ እንንገራችሁ። ለሆስፒታሉ 6,500 የአሜሪካ ዶላር፣ ለልጅቱና ለእናቷ የአውሮፕላን ቲኬት፣ ማረፊያና ቀለብ 2,300 ዶላር፣ ከተመለሱ በኋላ ለመድኃኒትና ለክትትል መጠባበቂያ 1,200 ዶላር፣ በድምሩ 10,000 ዶላር ነው። በሳዑዲ ዓረቢያ በቤት ሠራተኝነት የምትኖረው አክስቷ ከደመወዟ ያጠራቀመችውን 1,500 ዶላር ሰጥታለች። የእናቲቱ የዕቁብ ዕጣ፣ የእድሩና የጎረቤቶቿ መዋጮ ተደምሮ 900 ዶላር ያህል ሆኗል። አንድ ስማቸው እንዳይነሳ የለመኑን ነጋዴ ደግሞ 1,100 ዶላር ሸፍነዋል። የቀረው 6,500 ዶላር ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ል የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በባንክ ከ60 ብር በታች የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ማለፉን ታስታውሳላችሁ። ይህች እናት ሳንቲም በሳንቲም ያጠራቀመችው ብር አንዲትም ሳይጎድል ግማሽ ያህሉ ዋጋው ከእጇ አመለጠ።

እንግዲህ ወደ ቢሯችን የመጣችው በዚህ ጊዜ ነበር። «ወንድሞቼ» አለችን፤ «የሁለቱን ወንዶች ልጆቼን ወርሃዊ ድጋፍ አቋርጡና የአንድ ዓመቱን በአንድ ጊዜ ለእህታቸው ሕክምና ስጡኝ። እነሱ ከኔ ጋር ያገኘነውን ይበላሉ። ካልሆነም ቤቱን እሸጠዋለሁ።»

እናትነቷን አከበርን፤ ጥያቄዋን ግን መቀበል አልቻልንም። ምክንያቱን እናንተም ማወቅ ይገባችኋል። ለእነዚያ ሁለት ሕፃናት የሚሰጠው ገንዘብ በስማቸው የተሰጠ አማና ነው። ለጋሹ ሳይፈቅድ የአንዱን የቲም ወደ ሌላው ማዛወር፣ ዓላማው የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን፣ አማናን ማጉደል ይሆናል። ቤቱንም በተመለከተ አንድ ዐሊም ጠይቀን ነገሩን አስረድተውናል። ሟች ወላጆቹ ቀድመውት ስለሞቱ ወራሾቹ ሚስቱና ሦስቱ ልጆቹ ብቻ ናቸው። ሚስት ልጅ ካለ ስምንተኛውን ትወስዳለች፤ ቀሪውን ወንድ የሴትን እጥፍ እያገኘ ልጆቹ ይካፈሉታል። ቤቱ 40 እጅ ነው ብንል እናቲቱ 5፣ ልጅቱ 7፣ ሁለቱ ወንዶች እያንዳንዳቸው 14 እጅ አላቸው ማለት ነው። ከ40ው 28ቱ ገና ለአቅመ አዳም ያልደረሱ የሁለት የቲሞች ሀብት ነው። እናቲቱ በጭንቀት ብዛት ልትሸጠው ያሰበችው ጣራ ይበልጡን የእሷ አልነበረም። የየቲምን ገንዘብ ያለ አግባብ መንካት በቁርኣን ምን ያህል በብርቱ እንደተከለከለ ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አያስፈልገንም።

ይህን ስንነግራት አንገቷን ደፍታ ዝም አለች። ያ ዝምታ እስካሁን ከልባችን አልወጣም። ምክንያቱም «አይሆንም» ብሎ ማሰናበት ቀላል ነው፤ የየቲሞቹን ሐቅ ጠብቀናል ብለን ሕመምተኛዋን ብንተዋት ግን ሐቁን በግማሽ ጠብቀን በግማሽ ማጉደላችን ነው። የወንድሞቿ ቀለብ ሳይነካ፣ ጣራቸው ሳይሸጥ እሷ እንድትታከም ማድረግ የእኛና የእናንተ ግዴታ ሆኖ አገኘነው።

ሌላም ነገር አለ። ጎረቤቶቿ በቅንነት «ፎቶዋን አሠርታችሁ በመኪና ላይ ለጥፋችሁ፣ በድምፅ ማጉያ በየሰፈሩ ዙሩ» ብለው መክረዋታል። ልጅቱ ይህን ስትሰማ «እማዬ፣ የክፍል ጓደኞቼ ያዩኛል» ብላ አለቀሰች። መንገድ ላይ የሚለምነውን ሕመምተኛ አንነቅፍም፤ ችግር ያላስወጣው የለም። ነገር ግን አንዲት የቲም ለመዳን ስትል ፊቷን ለገበያ ማውጣት የለባትም። ለጋሹም በበኩሉ የሐሰት የሐኪም ወረቀት የሚይዙ ሰዎችን እያየ ቢጠራጠር አይፈረድበትም። የልጅቱ ክብርና የለጋሹ እምነት ሁለቱም ሊጠበቁ ይገባል ብለን የሚከተለውን ወስነናል።

አንደኛ፣ ስሟም ሆነ ፎቶዋ በዚህ ጋዜጣም ሆነ በሌላ ስፍራ አይወጣም። ሁለተኛ፣ የሐኪሞች ማስረጃና የሆስፒታሉ የዋጋ ግምት በቢሯችን ተቀምጧል፤ ከለጋሾች መካከል የተመረጡ ሦስት ሰዎች አይተው ያረጋግጣሉ፤ ክፍያውም በእጅ ሳይሆን በባንክ በቀጥታ ለሆስፒታሉ ይላካል። ሦስተኛ፣ ገንዘቡ ከየቲሞች ወርሃዊ ድጋፍ ተለይቶ በራሱ ሒሳብ ይቀመጣል። አራተኛ፣ አላህ ብሎ በአገር ውስጥ ተራዋ ቀድሞ ከደረሰ ወይም ገንዘቡ ከተረፈ፣ ለጋሹ ይመለስልኝ ካለ ይመለስለታል፤ ከፈቀደም ለሌላ ሕመምተኛ የቲም ይውላል። ያለ ፈቃዱ ግን አይነካም።

ዘካ ለዚህ ይሆናል ወይ ብላችሁ የጠየቃችሁን ነበራችሁ። ዘካ የሚገባቸው ስምንት ወገኖች በሱረቱ ተውባህ ተዘርዝረዋል፤ የቲምነት ብቻውን ከእነሱ አንዱ አይደለም፤ ድህነት ግን ነው። ይህ ቤተሰብ ለሕክምናው አቅም የሌለው ድሃ በመሆኑ ዘካ ሊሰጠው እንደሚችል የጠየቅናቸው ዐሊም ገልጸውልናል። ስለሆነም ስትሰጡ ዘካ ወይም ሶደቃ መሆኑን ለይታችሁ ንገሩን፤ እኛም ለይተን እንመዘግበዋለን።

ውድ ወገኖቻችን፣ አንድ ነገር በግልጽ እንናገር። ቀዶ ሕክምናው የጉዳዩ ፍጻሜ አይደለም። ሐኪሞቹ የልቧን በሮች መጠገን ከቻሉ መልካም ነው፤ ካልቻሉ በሰው ሠራሽ ይተኩታል። ከብረት መሰል ነገር የተሠራ በር ከተተከለላት ዕድሜዋን ሙሉ ዋርፋሪን የተባለውን ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት መውሰድ፣ መጠኑም እንዳይበዛ እንዳያንስ በየጊዜው ደሟን መመርመር ይኖርባታል። ይህ መድኃኒት በእርግዝና ወቅት ጽንሱን ስለሚጎዳ አድጋ ስታገባ ብርቱ ክትትል ያስፈልጋታል። ከእንስሳ ሕብረ አካል የተሠራው ደግሞ በልጆች ላይ ቶሎ ስለሚያረጅ ሌላ ቀዶ ሕክምና ያስከትላል። የትኛውም ቢሆን ሕመሙ እንዳያገረሽ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ለዓመታት አይቀርም። መጠባበቂያውን 1,200 ዶላር ከመጀመሪያው ያስገባነው ስለዚህ ነው። አንዳንድ ሰው ልጅቱ ወደ አውሮፕላን ስትገባ አይቶ ደስ ይለውና ይረሳታል። የየቲም ከፋይ ግን የአንድ ቀን ሰጪ አይደለም፤ አብሮ የሚቆይ ነው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው የቲም ነበሩ። አባታቸው ሳይወለዱ ሞቱ፤ በስድስት ዓመታቸው እናታቸውን፣ በስምንት ዓመታቸው አያታቸውን አጡ። ከዚያም አጎታቸው አቡ ጧሊብ ተረከቧቸው፤ ልጅ ሳሉ ብቻ ሳይሆን አድገው ጠላት በተነሳባቸው ጊዜም እስከ ዕለተ ሞታቸው ከጎናቸው አልራቁም። የቲምን መያዝ እንዲህ ያለ ረጅም ጉዞ ነው። የቲምን የተንከባከበ በጀነት ከእሳቸው ጋር እንደ ሁለት ጣቶች የሚቀራረብ መሆኑን ማመልከታቸውን ሁላችንም ሰምተናል።

በመጨረሻ ለአሳዳጊ ቤተሰቦች አንድ አደራ እንላለን። ልጃችሁ ጉሮሮውን አሞት ትኩሳት ሲይዘው «ቶንሲል ነው፣ ያልፋል» ብላችሁ አትተዉት፤ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። የታዘዘለትንም መድኃኒት ተሻለው ብላችሁ አታቋርጡ። መገጣጠሚያው አብጦ ቁርጥማት ከተሰማው ቀን አትቁጠሩ። በጊዜው የሚወሰድ የፔኒሲሊን መድኃኒት ዋጋው ጥቂት ብር ነው፤ በጊዜው ያልተወሰደው ግን ዛሬ 10,000 ዶላር አስጠይቆናል።

ለጋሾቻችን ሆይ፣ የቀረንን 6,500 ዶላር አንድ ሰው እንዲሸከመው አንጠብቅም። የቻለ ብዙ፣ ያልቻለ ጥቂት፣ ጨርሶ የሌለው ደግሞ ከሌሊት ሶላቱ በኋላ ዱዓእ ያድርግላት። የደረስንበትን ውጤት፣ ደግ ቢሆን ክፉ፣ በሚቀጥለው እትም በዚሁ ገጽ እናሳውቃችኋለን።

አላህ (ሱ.ወ) ለልጃችን ፈውሱን ይስጣት፤ የእናቷን ልብ ያሳርፍ፤ የወንድሞቿን ሐቅ ከማጉደል እኛን ይጠብቀን፤ የምትሰጡትንም በመልካም ሥራ ሚዛናችሁ ላይ ያኑርላችሁ። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።