ሞተሩን ግቢያችን ውስጥ ያወረድን ጊዜ

(በማህበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)

ሰብሳቢያችን «ስለ ሒሳብ አያያዝ ትንሽ ተናገሪ» ብላኝ ነበር። ስለ ሒሳብ አያያዝ ሲወራ ሰው እንደሚያንቀላፋ በሥራዬ ስለማውቅ ዛሬ የማወራው ስለ ሞተር ነው። ሒሳቡም እዚያው ውስጥ አለ።

እንግዶቻችን ላታውቁ ስለምትችሉ፣ አብዛኞቻችን የተዋወቅነው የት እንደሆነ ልንገራችሁ። ቃሊቲ ማረሚያ ቤት በር ላይ፣ የጥየቃ ወረፋ ስንጠብቅ ነው። አንዷ ለባሏ፣ አንዷ ለልጇ፣ አንዷ ለእህቷ ምሳ ቋጥራ ትመጣለች። እዚያው ወረፋ ላይ እቁብ ጀመርን፤ ማህበሩም ከዚያ እቁብ ተወለደ። እኔ ወረፋውን የተቀላቀልኩት በ2011 ዓ.ም. ነው። ባለቤቴ እዚሁ ከተማ ውስጥ በጭነት መኪናችን ሰው ገጭቶ የሰው ሕይወት አለፈ፤ ተፈረደበት። ስለ መኪና ሳወራ ይህን ዘልዬ ባልፍ ነውር ይሆንብኛል። አንድ ቤት አባወራውን አጥቷል። ሽማግሌዎች ገብተው እርቅ ወርዷል፤ በእርቁ መሠረት ለሟች ልጆች በየወሩ የምንሰጠው ገንዘብ አለ። ያ ገንዘብ የሚወጣው ከዚያችው መኪና ነበር፤ የእኔ ልጆች የትምህርት ቤት ክፍያም ከእሷው ነበር።

መኪናዋ አይሱዙ ኤንፒአር ናት። ባለቤቴ ከታሰረ በኋላ ሹፌር ቀጠርኩ። በጥር 2012 ዓ.ም. ከመቂ ሽንኩርት ጭኖ ሲመጣ ራዲያተሩ ማፍሰስ ጀመረ። ሹፌሩ የሙቀት መለኪያው ሲወጣ እያየ «ደርሻለሁ» ብሎ ነዳት። ሞተሩ ሞቆ ነከሰ። ተጎትታ መጥታ ግቢያችን ውስጥ ቆመች። በሦስተኛው ቀን ደላላ በር አንኳኳ፤ ማን እንደነገረው እስከ ዛሬ አላውቅም። «እህቴ፣ ሞተሩ የሞተ መኪና እኮ ቁርጥራጭ ብረት ነው» አለኝ። የሰጠኝ ዋጋ መኪናዋ እየሠራች ብትሸጥ ከምታወጣው ሲሶውን አይሞላም።

እውነቱን ልናገር፣ ልሸጥለት ነበር። ስለ መኪናዋ የማውቀው ገቢና ወጪዋን ብቻ ነው። ስንት ጉዞ እንደሄደች፣ ስንት ሊትር ናፍጣ እንደጠጣች፣ ጎማ መቼ እንደተቀየረ ደብተሬ ላይ አለ። ጋቢናዋ ሥር ምን እንዳለ ግን አንድም ቀን ጎንበስ ብዬ አይቼ አላውቅም ነበር።

ቅዳሜ ለጥየቃ ሄጄ ለባለቤቴ ነገርኩት። ጥየቃን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ በግራም በቀኝም ሰው ይጮሃል፣ ጊዜው አጭር ነው፣ ስልክ አይገባም። የሰማሽውን በጭንቅላትሽ ይዘሽ ትወጫለሽ። «እንዳትሸጫት» አለኝ። «ሞተሩን እዚያው ቤት አስወርጂው።»

ለምን ቤት? ጋራዥ ጠይቄ ነበር። ከመጎተቻው ጋር ለጉልበት ብቻ 32,000 ብር አሉኝ። ቤት ለሚያወርዱልኝ የከፈልኩት በመጨረሻ 14,500 ብር ሆነ። የባለቤቴ ስጋት ግን ገንዘቡ አልነበረም። ባለቤቱ አጠገቡ ያልቆመበት ሞተር ወደ ጥገና ገብቶ ሲወጣ ዲናሞው ወይም የናፍጣ ፓምፑ በአሮጌ ተለውጦ የተገኘበት ሰው ስንት ነው! ቤት ከሆነ ግን እኔ ቁጭ ብዬ አያለሁ።

ትምህርቴን የወሰድኩት በአራት ጥየቃ ነው። መጀመሪያ የነገረኝ አንድም ቡሎን ሳይፈታ የሞተሩን ቁጥር ከሊብሬው ጋር እንዳመሳክር ነው። ቀጥሎ የጋቢናዋ መያዣ እንደማይታመን፣ ጋቢናዋ ወደ ፊት ከተገለበጠች በኋላ ወፍራም እንጨት ሳይደገፍ ማንም ከሥሯ እንዳይገባ አስጠነቀቀኝ። በሦስተኛው ሞተሪኖው አጠገብ እሱ ራሱ የቀጠለው ሽቦ እንዳለ፣ ቀለሙ ከሌላው እንደማይገጥም ነገረኝ። በአራተኛው ደግሞ በግራ በኩል ሞተሩ ከቴላዮው ጋር የሚታሰርበት አንዱ ቡሎን ጥርሱ ያለቀ እንደሆነ፣ በጉልበት ከተፈታ እንደሚበጠስ። እነዚህን ማንም መካኒክ አያውቃቸውም፤ የዚያች መኪና ብቻ ገመና ናቸው። በየሳምንቱ ከበሩ ወጥቼ ታክሲ ሳልይዝ መንገድ ዳር ቆሜ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ።

ሥራውን የያዙልኝ በሣሪስ በኩል የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው የገፋ መካኒክ ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ልጄ፣ ሞተሩን በምን ልናነሳው ነው?» የሚል ነበር። የዚህ መኪና ሞተር በጣም ከባድ ነው። እኔ የባሕር ዛፍ እንጨት አስቤ ነበር፤ ሳቁብኝ። በመኪናዋ ግራና ቀኝ የብረት እግሮች ተበየዱ፣ ከላይ ባለ 4 ኢንች ቱቦ ተጋደመ፣ ፓራንኮ ተከራየን። ቱቦው ከመኪናዋ ወርድ አልፎ እንዲወጣ ያደረግነው ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ወደ ጎን ተንሸራቶ መሬት እንዲወርድ ነው። ለዚህ ብቻ ሁለት ቀን ጠፋ። ጋሼ ግን «ማንሻው ሳይታመን ቁልፍ አላነሳም» አሉ፤ ልክ ነበሩ።

ከዚያ የባትሪው ኔጋቲቭ ተፈታ። ውሃውና ዘይቱ ተቀዳ። ራዲያተሩ ወጣ፣ የናፍጣ ቱቦዎቹ ተፈትተው አፋቸው ቆሻሻ እንዳይገባ ታሰረ፣ ማርሚታው ተላቀቀ፣ ካምቢዮው ከነፍሪሲዮኑ ወረደ። የእኔ ሥራ እዚህ ላይ ነበር። ከሰፈሩ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ሰብስቤ 28 ቆርቆሮ ቁጥር ጻፍኩባቸው። ከአንድ ቦታ የተፈታ ቡሎንና ዳዶ ሁሉ አንድ ቆርቆሮ ውስጥ ይገባል፤ ከየት እንደወጣ፣ ስንት እንደሆነ ደብተር ላይ ይሰፍራል። ቱቦና ሽቦው ላይ ፕላስተር ለጥፌ ቁጥር ሰጠሁ። በስተቀኝ አንድ ባዶ ዓምድ ተውኩ፤ ተመልሶ ሲገባ ምልክት የማደርግበት። ጋሼ መጀመሪያ ላይ «ይኼ ሁሉ ለምን ነው? በጭንቅላቴ አለ» ብለውኝ ነበር።

ሞተሩ የተነሳ ዕለት ልጆቼን ጎረቤት ሰደድኩ። ሰንሰለቱ ሲጨነቅ የሚያሰማውን ድምፅ አልረሳውም። ተነስቶ፣ ተንሸራቶ፣ አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ አለ። ሲከፈት ቴስታታው በሙቀት ጠሟል፤ ሁለት ፒስተንና ካሚቻቸው ተጭረዋል። ክራንክሻፍቱ ግን ደህና ነበር።

እዚህ ላይ ሌላ ፈተና መጣ። ሶማሌ ተራ ዕቃ ስጠይቅ «ለምን ትደክሚያለሽ? ያገለገለ ሙሉ ሞተር አለ፣ ነገ አስገቢው» ያለኝ ሰው ነበር። ዋጋው ያጓጓል። ቁጥሩ ግን ሊብሬው ላይ ካለው ጋር አይገጥምም፤ ከየት እንደመጣም ወረቀት የለውም። አንድ የቤተሰቤ ሰው ቃሊቲ ነው፤ ምንጩ ያልታወቀ ሞተር ይዤ ሁለተኛ ልሆን አልፈለግሁም። ቴስታታውን ቶርኖ ቤት ልኬ አስተካከልኩ፤ ፒስተን፣ ፋሻ፣ ካሚቻና ጓርኒሲዮን ገዛሁ። ሁሉንም በደረሰኝ።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገራችን ውስጥ ተገኘ። ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ ብዙም ሳይቆይ የማረሚያ ቤት ጥየቃ ታገደ። በዚያው ወር ፕሬዚዳንት ሣህለወርቅ ዘውዴ ከ4,000 በላይ ለሚሆኑ ታራሚዎች ይቅርታ ሲያደርጉ እኛ ሬዲዮ ሥር ተሰብስበን ነበር። የእሱ ፍርድ ከሦስት ዓመት በላይ ስለሆነ ስሙ አልነበረበትም። ጋሼንም ልጆቻቸው በዕድሜያቸው ሰግተው ከቤት አላስወጣ አሏቸው። ሞተሩ ግቢዬ ውስጥ ተበታትኖ ቀረ። እሱን መጠየቅ አልችልም፤ እሳቸው አይመጡም፤ 28 ቆርቆሮ ደጃፌ ላይ ተደርድሯል።

የጎረቤታችን ልጅ ቴክኒክና ሙያ አውቶ መካኒክ የምትማር ሁለተኛ ዓመት ነበረች፤ ትምህርት ተዘግቶ ቤት ውላለች። «እትዬ፣ እኔ ልሞክር?» አለችኝ። ጋሼ በስልክ እየመሯት፣ እኔ ደብተሩን እያነበብኩላት መገጣጠም ጀመርን። የቴስታታው ቡሎኖች ከመሐል ተጀምሮ ወደ ዳር፣ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየተራ ነው የሚጠብቁት፤ ልኩን የሚያሳየውን ቁልፍ ከሰው ተውሰን አጠበቅን። ወንድሞቼ ፓራንኮውን ሳቡ። አሥራ አንድ ቀን ፈጀ። ጋሼ በጭንቅላታቸው የያዙት ሣሪስ ቀርቶ ነበር፤ ደብተሩ ግን እጄ ላይ ነበር።

ያስነሳናት ዕለት መጀመሪያ እንቢ አለች። ልጅቷ ናፍጣው መስመር ውስጥ የገባውን አየር በእጅ ፓምፕ እየገፋች አስወጣች። በሦስተኛው ሞተሪኖው ዞሮ ሞተሩ ያዘ። ጎረቤት እልል አለ። እኔ አለቀስኩ። ልጅቷ ግን ጋቢና ውስጥ ሆና ፍሬን ስትረግጥ ፊቷ ተለወጠ፤ «እትዬ፣ ፍሬኑ ደንድኗል» አለች። አጠፋናት። ከዲናሞው ጀርባ ያለው ቫክዩም ፓምፕ ወደ ፍሬኑ የሚሄድ ቱቦ አለው፤ ደብተሬ ላይ 6 ቁጥር ነው። አፉ ላይ ተሰክቷል፣ ክላምፑ ግን አልጠበቀም። ደብተሩን ሳይ 6 ቁጥር ላይ የራሴ ምልክት አለ። አስታወስኩ። ማታ ላይ ነበር፤ ዝናብ ሊመጣ ሲል «6 ገባ?» ብዬ ስጠይቅ ከሥር «እሺ» የሚል ድምፅ ሰምቼ ምልክት አደረግኩ። ወርጄ አላየሁም። ቢሮ ውስጥ ካዝና ሳይቆጥር የሚፈርም ገንዘብ ያዥ ባገኝ ምን እንደምለው አውቃለሁ። ይህች ደግሞ አንድ ጊዜ ሰው የገደለች መኪና ናት።

በማግስቱ ከ1 ቁጥር ጀምረን ሁሉንም በዓይናችን እያየን እንደገና ምልክት አደረግን። ሌላ ስህተት አላገኘንም። የወንድሜን ሚስት ሳይቀር በባትሪ መብራት አስገብቼ አሳይቻታለሁ።

አሁን ለደጋፊዎቻችን የምለው አለኝ። ጠቅላላ ወጪው 96,400 ብር ነው። 60,000 ብሩ ከማህበራችን ብድር፣ ቀሪው ከእቁብ። ብድሩ ግን በቀላሉ አልተፈቀደም። መመሪያችን ብድር የሚሰጠው «አዲስ ሥራ ለመጀመር» ነበር፤ ላለ ንብረት ጥገና አይልም። የማህበሩን ሒሳብ የምይዘው እኔው ስለሆንኩ ኮሚቴው ሲወያይ ከክፍሉ ወጣሁ። ውጭ ሆኜ ጭቅጭቁን እሰማ ነበር። በአንድ ድምፅ ብልጫ አለፈ። በ14 ወር ከፍዬ ጨርሻለሁ። የሟች ልጆች ወርሃዊ ገንዘብም የዘገየው ሁለት ወር ብቻ ነው፤ እሱም ተካክሷል። ዛሬ ማሽኗ ተበላሽቶ ጥግ ያስቀመጠች፣ ፍሪጇ ተቃጥሎ ሱቋን የዘጋች እህት መሐላችን አለች። ከባዶ ለምትጀምር ገንዘብ እየሰጠን ያላትን እንዳታጣ የምትለምነንን መመለሳችን አይገባኝም። አንቀጹ እንዲሻሻል ሐሳብ አቅርቤያለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ድምፅ ይሰጥበታል።

ጥየቃ ሲፈቀድ በመጀመሪያው ቀን ሄድኩ። ስለ ፒስተኑ፣ ስለ ልጅቷ፣ ስለ እልልታው ልነግረው ተዘጋጅቼ ነበር። እሱ ሌላውን ሁሉ ትቶ «ፍሬኗን ማን አየው?» አለኝ። ስለ 6 ቁጥር እንዳለ ነገርኩት፤ የእኔን ጥፋት አልደበቅኩም። ዝም ብሎ አየኝ። «እንደገና ከ1 ጀመራችሁ?» አለ። «ከ1 ጀመርን» አልኩት። ከዚያ ሰዓቱ አለቀ።

ደብተሩን ይዤው መጥቻለሁ። ማየት የምትፈልጉ ከሻይ በኋላ በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ታገኙታላችሁ፤ ዘይት ስለነካው ብቻ ልብሳችሁን ተጠንቀቁ።